ፓምፑ ይቆይ፣ ስትሪፑ ይቅደም

ጥያቄ፦ «የስምንት ዓመት ልጄ የስኳር ሕመም ከተገኘበት አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። ክብደቱ 24 ኪሎ ነው። 70/30 የሚባለውን ሚክስድ ኢንሱሊን ጠዋት 12፣ ማታ 6 ዩኒት እወጋዋለሁ። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ስለሚወደድብኝ የምለካው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። የመጨረሻው የሦስት ወር አማካይ ስኳሩ 11.2 መጣ። ስቶክሆልም ያለችው እህቴ የጎረቤቷ ልጅ ኢንሱሊን የሚያንጠባጥብ ፓምፕና ቆዳ ላይ ተለጥፎ ስኳር የሚለካ ሴንሰር እንዳለው፣ የእሱ ውጤት ደግሞ 52 እንደሆነና ሐኪሞቹ እንደተደሰቱበት ነገረችኝ፤ ጭራሽ ግራ ገባኝ። ያገለገለ ፓምፕ አግኝቼ ልላክልሽ ትለኛለች። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በድሃ አገር በአሥር ዓመቱ የታመመ ልጅ የሚኖረው ገና 13 ዓመት ነው የሚል አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። የእኛ ኢንሱሊን ከእነሱ ያነሰ ነው? ፓምፑን ልቀበል? ወይስ ልጁን ወደ እሷ ልላከው? ጸበል ውሰጂውና መርፌውን ተይው የሚሉኝም አሉ።» እናት፣ ከልደታ

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ቀጠሮ ይጠብቃል፣ ይህኛው አይጠብቅም። መርፌው ለአንድ ቀን እንኳ አይቋረጥም። የልጅዎ ሰውነት ከበሽታ መከላከል የነበረበት ኃይሉ ተሳስቶ በቆሽቱ ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት አጥፍቶበታል። ከረሜላ ስለበላ አይደለም፤ እርስዎ ያጎደሉት ነገር ስላለም አይደለም። ኢንሱሊን ከሌለ ስኳሩ ደም ውስጥ ይጠራቀማል እንጂ ለሕዋሳቱ አይደርስም። ሰውነት ተርቦ ስብ ማቃጠል ሲጀምር ኬቶን የሚባል አሲድ ይፈጠራል፣ ደሙም በአሲድ ይመረዛል። ኢንሱሊን ጨርሶ የተቋረጠበት ልጅ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም ከዚያ ፈጥኖ ሊሞት ይችላል።

ጸበሉን ማንም አይከለክልዎትም። ይጠመቅ፣ ይጠጣ፤ ኢንሱሊኑ፣ መለኪያውና ምግቡ ግን አብረውት ይሂዱ። የኤችአይቪ መድኃኒት ይቋረጥ አይቋረጥ ተብሎ በተጨነቅንበት ዘመን አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱና ጸበሉ አብረው መሄድ እንደሚችሉ በግልጽ ተናግረው ነበር፤ ለኢንሱሊንም ነገሩ ያው ነው። ልብ ሊባል የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሕክምናው በተጀመረ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ፣ ያልሞቱት ጥቂት ሕዋሳት አገግመው የኢንሱሊን ፍላጎት በጣም የሚቀንስበት ጊዜ ይመጣል። በዚያ ሰሞን ጸበል የሄደ ልጅ የዳነ ይመስላል፤ ቤተሰቡም በደስታ መርፌውን ይተዋል። ያ ጊዜ ግን ያልፋል። ልጆች ከሚጠፉባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ወደ 13ቱ ዓመት ልምጣ። ቁጥሩ ፈጠራ አይደለም፤ አነባበቡ ነው የተሳሳተው። በ2022 እ.ኤ.አ. በላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ስሌት ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ2021 በአሥር ዓመቱ የታመመ ልጅ ከዚያ በኋላ የሚኖረው በአማካይ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 13 ዓመት፣ በሀብታሞቹ 65 ዓመት ነው ይላል። አማካይ ማለት ግን የእርስዎ ልጅ ዕጣ ማለት አይደለም። አማካዩን እንዲህ ቁልቁል የሚጎትቱት ኢንሱሊን የተቋረጠባቸው፣ ከሐኪም የራቁ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራትና ዓመታት የሚሞቱ ልጆች ናቸው። ኢንሱሊን ሳይቋረጥበት፣ እየተለካ፣ ክትትል ያለው ልጅ በዚያ አማካይ አይለካም። የእርስዎ ልጅ ታውቆለታል፣ መርፌ ጀምሯል፣ ዓመት አልፎታል። ትልቁን ገደል ተሻግሯል።

ሳይታወቅላቸው ስለሚቀሩት ልጆችም አንድ ነገር ማለት ግድ ይላል። ውሃ ውሃ የሚል፣ ሽንት የሚያበዛ፣ የከሳና በፍጥነት የሚተነፍስ ልጅ በወባ፣ በታይፎይድ ወይም በሳንባ ምች ሲታከም ሰንብቶ ራሱን ስቶ ይደርሳል። መፍትሔው ርካሽ ነው። ጣሊያን ውስጥ በፓርማ አውራጃ በ1990ዎቹ በየትምህርት ቤቱና በየሕፃናት ሐኪሙ ክፍል «መኝታ ላይ መሽናት ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረ ስኳሩን ይለኩ» የሚል መልእክት ያለው ፖስተር ተለጠፈ። ከዚያ በፊት ከአዳዲሶቹ ታማሚ ልጆች 78 በመቶው በአሲድ ተመርዘው ይመጡ ነበር፤ በዘመቻው ዓመታት ቁጥሩ ወደ 12.5 በመቶ ወረደ። ለዚህ ፓምፕ አላስፈለገም፤ ወረቀትና የጣት ጠብታ ደም በቂ ነበር። ለጎረቤትዎም ለልጅዎ መምህርም ይንገሩ።

አሁን 52ቱን እንፍታው። እህትዎና እርስዎ የምታወሩት በሁለት ቋንቋ ነው። ስዊድን የሦስት ወር ስኳርን የምትጽፈው በመቶኛ አይደለም፣ በሌላ መለኪያ ነው፤ የእነሱ 52 በእኛ 6.9 ነው። የልጅዎ 11.2 በእነሱ 99 ይሆናል። የጣት ስኳርም እንዲሁ ነው፤ እዚያ 7 የሚሉት በእኛ ማሽን 126 ነው፤ በ18 ማባዛት ነው። ይህ አደጋም አለው። ከአውሮፓ የተላከ መለኪያ 15 ቢያሳይ ስኳሩ ወርዷል ማለት አይደለም፤ 270 ነው። «ወረደ» ብሎ ስኳር በጥብጦ የሚያጠጣ ሰው ልጁን ይጎዳል። የብዙዎቹ ማሽኖች መለኪያ ከፋብሪካ ተቆልፎ ስለሚመጣ መቀየር አይቻልም። ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት መለኪያ አይኑር።

ታዲያ በአገሮች መካከል ያለው ልዩነት ምኑ ላይ ነው? በመስኩ የሚሠሩ ሰዎች እንክብካቤውን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። ዝቅተኛው በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ፣ አልፎ አልፎ መለካት፣ ጥቂት ትምህርት ነው፤ የሦስት ወር ስኳሩ በአብዛኛው ከ12 እስከ 14 ይደርሳል። መካከለኛው በቀን ብዙ ጊዜ መርፌ፣ በቀን ከ2 እስከ 4 ጊዜ መለካት፣ ለቤተሰቡ በቂ ትምህርትና የሚጠየቅ ሰው መኖር ነው፤ ውጤቱ ከ8 እስከ 9.5 አካባቢ ይሆናል። ሦስተኛው ፓምፕ፣ ሴንሰርና የተሟላ የባለሙያ ቡድን ያለበት ነው፤ ከዚያ ዝቅ ያደርገዋል። ርቀቱን ይመልከቱ። ትልቁ ዝላይ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ያለው ነው፤ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ሕይወትን የሚያተርፈውም እሱ ነው። እህትዎ የምትሰጥዎት ከሦስተኛው ደረጃ አንድ ዕቃ ነው፤ ልጅዎ የቆመው ግን በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ነው። መሻገር ያለበት ቀጥሎ ያለውን ደረጃ ነው።

ኢንሱሊናችን ያነሰ አይደለም። በ1993 ውጤቱ የወጣው ትልቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ስኳርን በደንብ መቆጣጠር የዓይን ጉዳት የመጀመር ዕድልን በ76 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ተሳታፊዎቹ ከ13 ዓመት ጀምሮ ስለነበሩ ከልጅዎ ይበልጣሉ፤ ትምህርቱ ግን ለሁሉም ሆነ። ያኔ የዛሬዎቹ ፈጣንና ረጅም ዘመናዊ ኢንሱሊኖች ገበያ ላይ አልነበሩም። የተጠቀሙት አጭር ጊዜ የሚሠራው ሬጉላር፣ ረዘም ያለ ጊዜ የሚሠራው ኤንፒኤችና ሌንቴ የሚባሉት የዚያ ዘመን ኢንሱሊኖች ነበሩ፤ ሬጉላርና ኤንፒኤች ዛሬም ከነማ ፋርማሲ ወይም የሆስፒታል መድኃኒት ቤት የሚጠይቋቸው ናቸው። ከፊሎቹ ፓምፕ ነበራቸው፤ ሌሎቹ በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ በሲሪንጅ ይወጉ ነበር። የጋራቸው የነበረው በቀን አራት ጊዜና ከዚያ በላይ መለካትና መጠኑን በዚያ ማስተካከል ነው። ዘመናዊዎቹ ጥቅም የላቸውም አልልም፤ የሌሊት መውረድን ይቀንሳሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም ረጃጅሞቹን በ2021 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ዘላቂ አቅርቦት ካገኙ ከሐኪምዎ ጋር ተነጋግረው ይቀይሩ። ግን የ11.2 ምክንያት ኢንሱሊኑ አይደለም።

ደግሞም ልዩነቱ በሀብት ብቻ የሚለካ አይደለም። ስዊድን ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የታዘዘው መድኃኒት ቤተሰቡን አያስከፍልም፤ ልጁ ሐኪም፣ ነርስ፣ የምግብ ባለሙያና የሥነ ልቦና ባለሙያ አለው። እንግሊዝ በ2022 ለሁሉም ልጆች ሴንሰር እንዲሰጥ መመሪያ አወጣች። ፓምፕ በገፍ በሚሸጥባት አሜሪካ ግን በ2019 የታተመ ጥናት በአንድ ክሊኒክ ከአራት ታማሚ አንዱ በዋጋው ምክንያት ኢንሱሊን እየቆጠበ እንደሚወስድ አገኘ። የኢንሱሊን ፈልሳፊዎች በ1923 የባለቤትነት መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለእያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ነበር የሸጡት። ዕቃው መኖሩና ልጁ ጋ ሳይቋረጥ መድረሱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእርስዎም ሐሳብ በሁለተኛው ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ልጅዎ። ሚክስድ ማለት በአንድ ብልቃጥ ውስጥ 70 በመቶ ደፍራሹ ኤንፒኤች፣ 30 በመቶ ውሃ መሳዩ ሬጉላር ተቀላቅሎ የተዘጋጀ ነው። ችግሩ ሁለቱን ለይቶ ማስተካከል አለመቻሉ ነው። ከእራት በፊት ያለው ስኳር ከፍ ካለ የጠዋቱን ኤንፒኤች ብቻ መጨመር ይፈልጋሉ፤ ሚክስዱን ሲጨምሩ ግን ሬጉላሩም አብሮ ይጨምርና ልጁ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ማታ ደግሞ ይብሳል። 1 ሰዓት ላይ ከእራት ጋር የተሰጠ ኤንፒኤች ኃይሉ የሚበረታው ከተወጋ በኋላ ከ4ኛው እስከ 10ኛው ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም ልጁ ተኝቶ ምንም በማይበላበት እኩለ ሌሊት ላይ ይወድቅና ንጋት ላይ ኃይሉ ያልቃል። ስለዚህ ሌሊት 8 ሰዓት ወርዶ፣ ጠዋት 1 ሰዓት 260 ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። እርስዎ የሚለኩት ጠዋት ብቻ ስለሆነ የሚያዩት 260ውን ነው። ያንን አይቶ የማታውን መጠን መጨመር የሌሊቱን መውረድ ያባብሰዋል።

ለዚህ የምመክረው ሚክስዱን ትቶ ሬጉላርንና ኤንፒኤችን በተለያየ ብልቃጥ መያዝና ወደ ሦስት መርፌ መሻገር ነው፦ ከቁርስ በፊት ሁለቱንም፣ ከእራት በፊት ሬጉላር ብቻ፣ ሲተኛ ኤንፒኤች ብቻ። የጠዋቱ ኤንፒኤች ምሳውን ስለሚሸፍን ትምህርት ቤት ውስጥ መውጋት አያስፈልግም፤ በለውጡ ግን ረፋድ ላይ መክሰስ፣ ምሳም በሰዓቱ የግድ ነው። ይህ ከተለመደ በኋላ፣ ትምህርት ቤቱ የሚተባበር ከሆነ፣ ከምሳ በፊት ሬጉላር ተጨምሮ አራት መርፌ ይሆናል። የተሻለው እሱ ነው። የስምንት ዓመት ልጅ አዋቂ እያየው ራሱን መውጋት ይችላል። ሬጉላር ምግብ ሊቀርብ 30 ደቂቃ ሲቀረው ይሰጣል፤ አብሮ ከተሰጠ ስኳሩ ቀድሞት ይሄዳል። አሁን የሚወጉት 18 ዩኒት ለ24 ኪሎ 0.75 በኪሎ ነው፤ ለዕድሜው ከተለመደው አይወጣም። ስለዚህ ችግሩ በአብዛኛው የመጠን ማነስ ሳይሆን የአከፋፈል ነው። አከፋፈሉን ሐኪሙ ይጽፍልዎታል፤ ሚክስዱን በራስዎ አይቀይሩ።

እጅ ላይ ያለውን ነገር ጠጋ ብለን እንየው፤ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው። የአንድ ሚሊ ሊትር ኢንሱሊን ሲሪንጅ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ ጭረት 2 ዩኒት ነው። 5 ዩኒት ለመቅዳት በሁለት ጭረቶች መካከል በግምት ያቆማሉ፤ አንድ ዩኒት ሲሳሳቱ ለ24 ኪሎ ልጅ የመጠኑ አምስተኛ ነው። የ0.3 ወይም የ0.5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይፈልጉ፤ ጭረቱ አንድ አንድ፣ አንዳንዱም ግማሽ ግማሽ ዩኒት ነው። ሲሪንጁ ላይ ዩ-100 (በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ማለት ነው) መጻፉን ይመልከቱ፤ ክዳኑ ብርቱካናማ ነው። ቀይ ክዳን ያለው ዩ-40 እንደ ሕንድ ላሉ፣ ኢንሱሊኑ ራሱ ዩ-40 ለሆነባቸው አገሮች የተሠራ ነው። በእሱ የእኛን ዩ-100 ኢንሱሊን ቢቀዱ ልጁ የታዘዘለትን ሁለት እጥፍ ተኩል ይወስዳል።

ደፍራሹን ብልቃጥ በሁለት መዳፍ መካከል 20 ጊዜ ያህል ያንከባሉት፤ አይናጥ። ከታች የተኛው ካልተቀላቀለ ዛሬ ውሃ፣ ነገ ወፍራም ይወጉታል። ለጠዋቱ መርፌ መጀመሪያ በኤንፒኤቹ ልክ አየር ወደ ደፍራሹ ያስገቡና መርፌውን ባዶውን ያውጡ፤ ቀጥሎ በሬጉላሩ ልክ አየር ወደ ውሃ መሳዩ አስገብተው እሱን ይቅዱ፤ በመጨረሻ ከደፍራሹ ይቅዱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ደፍራሹ ሬጉላሩ ውስጥ ገብቶ ብልቃጡን ያበላሸዋል። ከጠቅላላው በላይ ከቀዱ መልሰው አይግፉት፤ ይድፉትና እንደገና ይጀምሩ። ሆዱንና ጭኑን በእጅዎ ይዳስሱት። እብጠት ወይም የጠጠረ ቦታ ካለ እዚያ አይውጉ። ልጆች ስለማያማቸው ያንን ቦታ ይመርጡታል፤ ከዚያ ውስጥ ግን ኢንሱሊኑ በፈለገው ሰዓት ነው የሚወጣው። ቦታውን በተርታ ያቀያይሩ፤ አዲሱ ቦታ ላይ ኢንሱሊኑ በደንብ ስለሚሠራ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ ሊወርድ እንደሚችል ግን ይጠብቁ።

ስትሪፕ። ገንዘብ ካለዎት የሚሄደው እዚህ ነው። በብዙ አገሮች ከኢንሱሊኑ ይልቅ ቤተሰብን የሚያጎሳቁለው የስትሪፕ ዋጋ ነው፤ ቢሆንም ያልተለካ ኢንሱሊን በጨለማ መንዳት ነው። ግቡ በቀን አራት ጊዜ፣ በወር 120 ስትሪፕ ነው፦ ከቁርስ፣ ከምሳ፣ ከእራት በፊትና ሲተኛ። በወር 60 ብቻ ከቻሉ ሁልጊዜ ጠዋት አይለኩ፤ አንድ ቀን ከቁርስና ከምሳ በፊት፣ በማግስቱ ከእራት በፊትና ሲተኛ ይለኩ። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ መጠን በተቀየረ ሰሞን ደግሞ በተከታታይ ሁለት ሌሊት፣ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ይነሱ። ጣቱ ታጥቦ ይድረቅ፤ ብርቱካን የላጠ ጣት ከእውነተኛው ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። የስትሪፑ ጠርሙስ ወዲያው ይከደን።

በደብተር የተጻፈ ቁጥር ሥራ ይሠራል፤ በማሽኑ ውስጥ የቀረ አይሠራም። በሦስት መርፌው አካሄድ የጠዋት ስኳር የሚናገረው ስለ ማታው ኤንፒኤች ነው፤ ከምሳ በፊት ያለው ስለ ጠዋቱ ሬጉላር፣ ከእራት በፊት ያለው ስለ ጠዋቱ ኤንፒኤች፣ ሲተኛ ያለው ስለ ማታው ሬጉላር። አንድ ቀን ከፍ ስላለ አይቀየርም፤ ሦስት ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ላይ ከፍ ካለ የሚመለከተው ኢንሱሊን ብቻ በአንድ ዩኒት ወይም በግማሽ ዩኒት ይስተካከላል። ከ70 በታች ከወረደና ምክንያቱ ካልታወቀ ግን ሦስት ቀን አይጠበቅም፤ በማግስቱ ይቀነሳል። ስለ ሰዓትም አንድ ማሳሰቢያ፦ መለኪያው የሚያሳየው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ አንዳንድ ሐኪምም በማዘዣው ላይ 8 ሲል ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። ደብተሩ ላይ «ከቁርስ በፊት»፣ «ሲተኛ» ብለው ይጻፉ፤ ያኔ አይምታታም።

የምግቡ ነገር ሲነገር ቤተሰብ ልጁን እንጀራ ይከለክለዋል። አይከልክሉት። የሚያስፈልገው እኩልነት ነው፦ ዛሬ ሩብ እንጀራ፣ ነገ አንድ ሙሉ፣ ከነገ ወዲያ ፓስታ ከሆነ የትኛውም መጠን አይገጥምም። የራሱ ሳህን ይኑረው፣ የእንጀራው ልክ ይታወቅ፤ ከመብላቱ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ለጥቂት ቀናት ለክተው ያ ልክ የእሱን ስኳር ምን ያህል እንደሚያነሳ ይወቁ። ለስላሳ መጠጥና ጁስ ስኳሩ ለወረደበት ሰዓት ብቻ ነው። ሽሮና ምስር የጾም ቢሆኑም ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ከምግብ ተከልክሎ ማርፈድ ግን ለዚህ ልጅ አይፈቀድም፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ታማሚን አያስገድዱም።

ኢንሱሊን ፍሪጅ ካልገባ አለቀ የሚባለው ልክ አይደለም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፤ የተከፈተው ግን በአዲስ አበባ አየር፣ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ፣ ለ28 ቀን ቁምሳጥን ውስጥ ይቆያል። በ2021 የታተመ ሰሜን ኬንያ ባለው የዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ ሙቀት ላይ የተመሠረተ ጥናት ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት እንኳ ለአራት ሳምንት ኃይሉ እንደማይጠፋ አሳይቷል። ጠላቱ በረዶ ነው፦ ፍሪጁ ውስጥ ከማቀዝቀዣው ግድግዳ ተጠግቶ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቀልጦ ቢታይም ይጣላል። መብራት ስለጠፋ አትደንግጡ። ብልቃጡ የተከፈተበትን ቀን ይጻፉበት። 1000 ዩኒት ስላለው ለእርስዎ ልጅ ከወር በላይ ይተርፋል፤ ቢተርፍም ይቀየር። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ያልተከፈተ መጠባበቂያ ቤት ይኑር፤ የመጨረሻው ብልቃጥ ሲከፈት ፋርማሲ የሚኬድበት ቀን ነው።

አሁን ፓምፑ። መልሴ አሁን አይቀበሉት ነው። በመርፌ የሚሰጠው ኤንፒኤች ከቆዳ ሥር ክምችት ይተዋል፤ አንድ መርፌ ቢረሳ ልጁ ለጥቂት ሰዓት ይቋቋማል። ፓምፕ የሚያንጠባጥበው ፈጣን ኢንሱሊን ብቻ ነው፤ ክምችት የለም። ሌሊት ቱቦው ቢታጠፍ ወይም ከቆዳው ቢወጣ ሲነጋ ልጁ ኬቶን ይዞ እያስመለሰው ሊነሳ ይችላል። ቱቦውና መርፌው በየሁለት ሦስት ቀኑ ይቀየራል፤ በወር ከ10 እስከ 15 ማለት ነው። እሱ ካለቀ ማሽኑ ጌጥ ነው። ፓምፕ ደግሞ የሚለካ ሰው ይፈልጋል፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚለካን ልጅ አያሻሽልም። ያገለገለ ማሽን ዋስትና የለውም፤ ሌሊት ሲጮህ የሚደወልለት ባለሙያ ሰፈር ውስጥ የለም። በስቶክሆልም ፓምፑ የሚሠራው ዙሪያው ባለው ነገር ሁሉ ነው፤ እህትዎ የምትልከው ግን ማሽኑን ብቻ ነው።

ለእህትዎ እንዲህ ይበሏት፦ በገንዘቡ እዚህ ላለው መለኪያ የሚሆን ስትሪፕ ትግዛልኝ ወይም በየወሩ የስትሪፕ መግዣ ትላክልኝ። እዚያ ገዝታ ከላከች መጀመሪያ የማሽንዎን ስም ፎቶ አንስተው ይላኩላት፤ ስትሪፕ ከሌላ ማሽን አይገጥምም። የሽንት ኬቶን ስትሪፕም ትጨምርበት። ቴክኖሎጂ መላክ ከፈለገች 14 ቀን የሚሠራ ሴንሰር በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከቀጠሮ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ቢለጠፍለት ሌሊቱን ሁሉ ያሳየናል። ዓመቱን ሙሉ ለመጠቀም 26 ያስፈልጋል። ከመግዛቷ በፊት ያ ሴንሰር እዚህ ባለው ስልክ መነበቡን ታረጋግጥ፤ ከአንዱ አገር የተገዛ ሴንሰር ከሌላው አገር ማንበቢያ ጋር ላይግባባ ይችላል።

ልጁን መላክ ለሕክምናው ሲባል አያስፈልግም። እዚያም በሽታውን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ እዚያ ያሉት ልጆች ዕድሜ ልካቸውን ኢንሱሊን ይወስዳሉ። አሜሪካ ቴፕሊዙማብ የሚባለውን መድኃኒት በ2022 ያጸደቀችው በሽታው ገና ሳይገለጥ ለማዘግየት እንጂ ለታመመ ልጅ አልነበረም። የሕፃናት ሆርሞን ሐኪሞቻችን የሠለጠኑት ከ2008 ጀምሮ ናይሮቢ በተከፈተው ማሠልጠኛና በሌሎችም ነው፤ ጥቁር አንበሳ ደግሞ ከእርስዎ ሰፈር ቅርብ ነው። ክትትልዎ በአጠቃላይ ክፍል ከሆነ ወደ ሕፃናት የስኳር ክሊኒክ ሪፈር ይጠይቁ። ልጁ እንደ ላይፍ ፎር ኤ ቻይልድ ባለ ለልጆች ኢንሱሊንና ስትሪፕ በሚያቀርብ ፕሮግራም መመዝገብ ይችል እንደሆነም በክሊኒኩና በኢትዮጵያ የስኳር ሕመም ማኅበር ይጠይቁ። ብዙ ወላጅ ሳይጠይቅ ከኪሱ ይከፍላል።

መርፌ ሲበዛ ስኳር የመውረድ ዕድልም ስላለ ይህን ሳያውቁ አይጀምሩ። ከ70 በታች ከሆነ ወይም ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መነጫነጭ ካዩ ለእሱ ክብደት ወደ 7 ግራም ስኳር፣ ሁለት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ በውሃ በጥብጠው ይስጡት። ቸኮሌትና ወተት ስቡ ያዘገያቸዋል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ፤ ካልወጣ ይድገሙት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይፍሰስ፣ ወደ ትንፋሹ ይገባል፤ በጎኑ አስተኝተው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሩጡ። የወረደ ስኳርን የሚያነሳው ግሉካጎን የሚባለው መርፌ ከተገኘ ከ25 ኪሎ በታች ግማሽ ሚሊግራም ነው። ይህንን ለመምህሩና ለትምህርት ቤቱ ዘበኛም ያስረዱ፤ ቦርሳው ውስጥ ስኳር አይጠፋ።

ሲታመም ደግሞ፣ ባይበላም እንኳ፣ ኢንሱሊን አይቆምም፤ ትኩሳት ፍላጎቱን ይጨምራል። በየሦስት ሰዓቱ ይለኩ፣ ውሃ ያጠጡት፣ ሽንቱን ለኬቶን ይመርምሩ። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ሆዱን ካመመው፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ ወይም ከደነዘዘ እስኪነጋ አይጠብቁ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ የ14 ቀን ቁጥር የተጻፈበትን ደብተር፣ የሚጠቀሙበትን ሲሪንጅና ብልቃጡን ይዘው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ፊት ቀድተው ያሳዩ። «ሚክስዱን ለይተን ሦስት መርፌ ማድረግ እንችላለን ወይ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። የሦስት ወር ስኳሩ ሲታይ ደሙም ይታይ፤ የብረት እጥረት ያለበት ልጅ ውጤቱ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። የፓምፑን ነገር እንደገና የምናነሳው ስድስት ወር ሙሉ በቀን አራት ጊዜ ሲለካ፣ ውጤቱ ከ9 በታች ሲገባ፣ የአንድ ዓመት ቱቦና መርፌ ቤት ውስጥ ሲኖር፣ ፓምፕ የሚያውቅ ሐኪምም ሲገኝ ነው።